በድልድዩ ላይ የሚጻፈው ስም

"አውራ ጣትዎን እዚህ ጋ ብቻ ያሳርፉልኝ፣ እናቴ። ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም።"

የመንደሩ ሹም ኮይኔት የቀለሙን ቆርቆሮ ከፍቶ ኖንኪሹ ከምታልብበት ቦታ አጠገብ ካስቀመጠው ቆይቷል። ወረቀቱን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው መዳፉ መካከሉን ሸፍኖታል። ኖንኪሹ ፊደል እንደማትለይ ያውቃል። ቢሆንም የልጇ ስም የተጻፈበትን መስመር ዓይኗ ሥር መዘርጋት ነውር ሆኖበት ነው።

"ማን ነው ይህን ያሰበው?" አለችው፣ ጥጃውን በክርኗ እየገፋች።

"ትምህርት ቤቱ። ወላጆቹም። ሁሉም ሰው።"

"ሁሉም ሰው ሲመክር እኔ የት ነበርኩ?"

"እርስዎ ባሉበት እንዴት ብለን እናንሣው?"

እውነቱን ነው። በእኛ በማሳዮች ዘንድ ልጅ ሳይወልድ የሞተ ወጣት ስሙም አብሮት ይቀበራል። በቤተሰቡ ፊት ስሙን የጠራ ሰው ቁስል ላይ እንጨት እንደ ሰደደ ነው የሚቆጠረው። መምህሩ ልጇ ሲሞት ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ሚስት እንኳ አላገባም። ስሙን የሚጋራው የጎረቤት ሕፃን በሳምንቱ ሌላ ስም ወጣለት። ኖንኪሹንም በበኩር ልጇ ስም "የእገሌ እናት" ሲላት የኖረው መንደር በአንድ ቀን "እናቴ" ማለት ጀመረ። ማንም አልተማከረበትም። እኔም ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ እሷ ባታነብም።

"ካልፈረሙ የሚሆነውን ልንገርዎት" አለ ሹሙ። "የመንገድ ሰዎች ያለ ቤተሰብ ፈቃድ የድልድዩን ስም ሰሌዳ አይተክሉም። ተመራጩ ደግሞ የራሱን ስም አጽፎ መኪናው ላይ ጭኖ መጥቷል። እስከ ስድስት ሰዓት ነው የታገሡኝ።"

"የትኛው ተመራጭ? ያ በሁለት ምርጫ ድልድይ እሠራለሁ ያለው?"

"እሱ ራሱ።"

ኖንኪሹ ሳቀች። ደስ የማይል ሳቅ ነበር፤ ላሟ እንኳ ተቁነጠነጠች። ያ ሰው ቃሉን ጠብቆ ቢሆን ኖሮ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት ወንዝ የሞላባቸውን ተማሪዎች ልጇ በጀርባው እያዘለ ባላሻገረ ነበር። አምስት ልጆች አሻገረ። ስድስተኛውን ሊያመጣ ባዶ ጀርባውን ሲመለስ ውሃው ወሰደው። ድልድዩ የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም ጋዜጠኞች ስለ መጡ።

"እኔ በየቀኑ ወተት ይዤ እሻገራለሁ" አለች። "ሞተረኛው ሁሉ ስሙን እየጠራ ተሳፋሪ ሲለምን ልስማ? እሱ ጋ አውርደኝ፣ እሱ ጋ ጠብቀኝ ሲባባሉ? ሂድ አንተ ልጅ። ቀለምህን ይዘህ ሂድልኝ።"

ሹሙ አልተቆጣም። ወረቀቱን ገልብጦ ድንጋይ ጫነበት፤ ቀለሙንም እንዳለ ትቶት ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ ናሺፓይ የትምህርት ቤት ልብሷን እንደ ለበሰች መጣች። መምህሩ ካሻገራቸው አምስተኛዋና የመጨረሻዋ እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ለኖንኪሹ ውሃ ትቀዳላታለች፤ ስለዚያ ቀን ግን ተነጋግረው አያውቁም።

"ዛሬ ውሃ አለኝ፣ ልጄ።"

"ለውሃ አይደለም የመጣሁት፣ እማማ።"

"ሹሙ ነው የላከሽ?"

"አይደለም። እናቴ እንዲያውም እንዳትሄጂ ብላኝ ነበር። ቤት ውስጥ ስሙን እንዳነሣ አይፈቀድልኝም። እዚህም አላነሣም። ትምህርት ቤትም የአጎቶቹ ልጆች ስላሉ እንቆጠባለን። ፊቱ እየጠፋብኝ ነው፣ እማማ። ያን ቀን በፍርሃት አንገቱን አንቄው ነበር። 'ቀስ በይ እንጂ፣ እኔም ልተንፍስ!' ብሎኝ ሳቀ። ድምፁ አሁን አይመጣልኝም። ስሙ ብቻ ነው የቀረኝ፤ እሱንም የምልበት ቦታ የለኝም።"

"ሳቀ?" አለች ኖንኪሹ።

"አዎ።"

"ውሃው መካከል?"

"ውሃው መካከል።"

ኖንኪሹ ይህን አታውቅም ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ልጇን በዓይነ ልቡናዋ ስታየው ፈርቶ ነበር የምታየው። ወተት የነካ እጇን በልብሷ ጠረገችና አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነከረች። ወረቀቱን ናሺፓይ ይዛላት፣ ያሳየቻት ቦታ ላይ አጥብቃ ተጫነችው።

"ሩጪ" አለቻት። "ስድስት ሰዓት ሳይሞላ።"

ከሰዓት በኋላ የወተት ጀሪካኗን አንጠልጥላ ስትወርድ ድልድዩ አፍ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ሰሌዳው በቀይ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ ተማሪዎቹ ይዘምራሉ። ከፊት የቆሙት አዩዋትና አፋቸውን ያዙ። ከኋላ ያሉትም ተከተሏቸው። መዝሙሩ መሃል ላይ ተቋረጠ።

"ይምጡ እናቴ፣ ወንበር ይዘንልዎታል" አለ ሹሙ፣ የድምፅ ማጉያውን ወደ ታች ዝቅ አድርጎ።

ኖንኪሹ ባዶውን ወንበር አየችው። ናሺፓይንም አየቻት፤ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። እሷ እዚያ ከተቀመጠች ጨርቁ ይነሣል፣ ሕዝቡም የተጻፈውን በዝምታ አይቶ ይበተናል። ስሙን አንድም ሰው አይጠራውም።

"ወተቴ ይበላሽብኛል" አለችና ከድልድዩ ጎን ወደ ድሮው መሻገሪያ የሚወስደውን ቁልቁለት ያዘች።

"ድልድይ እያለ በውሃ?" ሹሙ ከላይ ተጣራ። "ዝናቡ ሲመጣስ?"

"ልጆቹን ከመዝሙራቸው አታስቁማቸው" አለችው ዞር ሳትል።

ጫማዋን አውልቃ ገባች። በጋ ስለ ነበር ውሃው ከጉልበቷ አላለፈም፤ ብርዱ ግን አጥንት ይሰብራል። መካከል ስትደርስ መዝሙሩ ከላይ ቀጠለ፣ መጀመሪያ ፈራ ተባ እያለ፣ ኋላ ደፍሮ። ስሙ መጣ። ደግሞ መጣ። ጆሮዋን መያዝ ፈልጋ ነበር፤ አንድ እጇ ጀሪካኑን፣ አንዱ ጫማዋን ይዟል። እያለቀሰች፣ ሳትቸኩል ተሻገረች።

ማዶ ስትወጣ ጫማዋን አላጠለቀችም። ስትመለስም በዚሁ ነው የምትመጣው።