የሙቀት ክፍሉ በር

በሩን ከውስጥ የሚከፍተው ቁልፍ ሲጫነው ግድግዳው ውስጥ ሰምጦ ቀረ። የቤተ ሙከራው ጽዳት ሠራተኛ ከነመወልወያውና ከነባልዲው ሴሎች በሚያድጉባት ሙቅ ክፍል ውስጥ ታሰረ። ቁልፉ መላላቱን ካወቀ ሰንብቷል። ግን አንዴ ቧንቧ ያፈሳል ብሎ ቢናገር፣ "አንተ ወለልህን ጥረግ" ስለተባለ፣ ጣራው ቢደረመስ ትንፍሽ ላይል ምሎ ነበር።

እንዲህ ያለችው እዚያው ተመራማሪ የሆነችው የታናሽ ወንድሙ ሚስት ናት። ወንድሙን ጡብ ተሸክሞ ያስተማረው እሱ፣ ቤት ስትሆን "ጋሼ" የምትለው እሱ! እዚህ ግን አለቃዋ ዘመድሽ ነው ወይ ቢላት፣ የሰፈር ሰው ነው ብላ አለፈችው። አጠገባቸው ቆሞ እየሰማ።

መደርደሪያው ላይ ሴሎቿ በየሳህናቸው ተኝተዋል። ደስ ያላት ቀን አስረድታዋለች፦ ቁስል በሚጠረግበት መድኃኒት ጥቂት ጥቂት ታቃጥላቸዋለች። ሴሉ ውስጥ ተከላካይ ፕሮቲን አለ፤ በደህናው ጊዜ ሌላ ፕሮቲን አንቆ ይዞ ለጥፋት ይሰጠዋል። ቃጠሎ ሲመጣ የያዡ እጅ ይላላል፤ ተከላካዩ እስከ ሴሉ እምብርት ዘልቆ የተኙትን ጂኖች ይቀሰቅሳል፤ እነሱም ማብረጃውን ያሠራሉ።

"እስኪቃጠሉ ድረስ ተከላካዩን ማን ያስታውሰዋል" ብሎ አስቋት ነበር።

በመስታወቱ ማዶ እሷና አለቃዋ መጡ። ከውጭም አልከፈት አለ። በሩን የያዘው ኤሌክትሪክ ነው፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ቀዩን የክፍሉን ኤሌክትሪክ ማጥፊያ ቢጫን ይለቀዋል። ግን ሙቀቱ ይወርዳል፣ ሴሎቹን ቀን ከሌት የሚከታተለው መለኪያም ይቆማል፣ የዓመት ልፋቷ ገደል ይገባል። ላቡ ዓይኑን እያቃጠለው ጣቱን ማጥፊያው ላይ አሳረፈ።

"ጋሼ፣ በእናትዎ አይንኩት፤ ባለሙያው እየመጣ ነው" አለች።

"የሰፈር ሰው እኮ ነኝ" አላት።

ፊቷ ቀላ። ወደ አለቃዋ ዞረች። "የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው።"

አለቃው እሺ እንደማለት አንገቱን ነቅንቆ፣ መለኪያው እየሠራ መሆኑን በመስታወቱ አጮልቆ አየ። በቃ፣ ይኸው ነው። ያን ሁሉ ዘመን ሳይነገር ሲያንገበግበው የኖረው ቃል ተነገረ፣ ልብ ብሎ የሰማውም ሰው የለም።

"በደህናው ቀን ብትይው ምን ነበረበት?" አላት። ዓይኗ ጣቱ ላይ ነው።

ጣቱን አነሣ። ባልዲውን ደፍቶ ተቀመጠና ጀርባውን ለመስታወቱ ሰጠ። በሩ እንደተዘጋ ነው። መለኪያው ያለማቋረጥ ይንሾካሾካል።