የእማማ ውብነሽ ፈውስ

ደሚቱ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ይህን አስቀድማችሁ ያዙልኝ። የባሏ የባርናባስ እናት እማማ ውብነሽ ስዊድን፣ ሱንድቢበሪ መጥተው አብረዋት መኖር ከጀመሩ ወዲህ ልባቸው ያለ ወጉ እየመታ አስቸገራቸው። የቮርድሴንትራሉ፣ የሰፈሩ ጤና ጣቢያ፣ ሐኪም ክኒን አዘዘና «ቡና ይቅርብዎ» አላቸው። ይቅርብዎ! ይርጋ ጨፌ ተወልደው ላደጉ ሴት! እማማ አኮረፉ፤ እህልም አልቀምስ አሉ። በመጨረሻ «ሐኪሙን ተዪው፣ አፍዪልኝ» ብለው ምራታቸውን አዘዟት።

ደሚቱ የምትሠራው ቡና የሚቆላ ድርጅት ውስጥ ነው። እዚያ ካፌይኑ የወጣለት የጉጂ ቡና አለ፤ ጣዕሙ ለጉድ ነው። አንድ ጊዜ ስለሱ ብታወራቸው እማማ «ነፍሱ የወጣ ቡና ለሬሳ አጠጪ!» ብለዋት ነበርና አሁን ዝም አለች። ጥሬው እንደ ሌላው ቡና አረንጓዴ ሳይሆን ገና ሳይቆላ ቡናማ ስለሆነ ለሚያውቅ ሰው አይሸሸግም። ስለዚህ ተቆልቶ የተፈጨውን ይዛ ገባች። «እቤት ከቆላን የጭስ ማስጠንቀቂያው ጎረቤቱን ሁሉ ያስነሳብናል» አለቻቸው።

እማማ ፉት አሉና «እሰይ፣ ቡና ማለት ይሄ ነው!» አሉ። እንቅልፋቸውንም ለጥ ብለው ተኙ። ደሚቱ በብልጠቷ ደስ አላት፤ ምስኪን! ወጥመዱን በገዛ እጇ እያጠበቀች እንደነበር የት አውቃ።

እሑድ ሃግሴትራ ያለችው ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ «ምስክርነት ያለው» ሲባል እማማ ውብነሽ ብድግ አሉ። ለደሚቱ ምንም አልነገሯትም ነበር።

«ሐኪሙ ቡና ለልብሽ ጠንቅ ነው አለኝ። ይኸው በየቀኑ እጠጣለሁ፣ ልቤ ግን ጸጥ! ጌታ ፈውሶኛል! ክኒኑንም ጥዬዋለሁ!»

አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ባርናባስ የእናቱን ፈውስ ሰምቶ እንባውን ጠረገ። አጠገቡ የተቀመጠችው ሚስቱ ግን ላብ አጠመቃት። ብትናገር የአሮጊቷን ምስክርነት በሰው ፊት ማፍረስ ነው። ዝም ብትል ክኒኑ ቀርቷል። ወዴት ትግባ?

ከአምልኮው በኋላ የቡና ተረኛዋ ሸዋሉል ወፍራሙን፣ ጥቁሩን፣ የእውነቱን ቡና ልትቀዳ ስትሰናዳ ደሚቱ እማማን ወደ ማድቤቱ ሳበቻቸው።

«እማማ፣ ያንን እንዳይጠጡ። እኔ የማፈላልዎት ካፌይኑ የወጣለት ነው።»

«ምን አልሽ?»

«ጥሬውን ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፉታል። ካፌይኑም ጣዕሙም ወደ ውሃው ይወጣል። ውሃው በከሰል ሲጣራ ካፌይኑ ይያዝና ጣዕሙ ያልፋል። ሌላ ጥሬ ቡና ጣዕም በጠገበው በዚያ ውሃ ሲዘፈዘፍ የሚለቀው ካፌይኑን ብቻ ነው። የጠጡት እሱን ነው። ይቅር ይበሉኝ፣ ክኒኑን ይዋጡ፣ በሞቴ!»

እማማ ውብነሽ ጠረጴዛውን ተደገፉ።

«ታዲያ ጌታ አልፈወሰኝም?»

ደሚቱ እንዲህ አንጀት የሚበላ ጥያቄ ሰምታ አታውቅም።

«ያ ሁሉ ሰው እልል አለ» አሉ እማማ። «ልጄ ሲያለቅስ አላየሽም? አሁን ወጥቼ ምን ልበል? ጌታዬን ላሳፍር?»

«የታሉ የተፈወሱት እናታችን?» የሸዋሉል ድምፅ ነበር። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ስኒውን ተቀበሉ፤ ደሚቱን አይን አይኗን እያዩ ጨለጡት።

«ድገሚኝ» አሉ። ሴቶቹ አጨበጨቡ። ባርናባስ እናቱን አቀፈ። ደሚቱ ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ግን ምን ብላ?

ሁለተኛውን እንደ ጨረሱ እማማ ፈገግታቸውን ሳያጠፉ ከጠረጴዛው ሥር አጠገባቸው የተቀመጠችውን የደሚቱን እጅ ጨመቁት። መዳፋቸው በላብ ርሷል።

«ልቤ ልትወጣ ነው» አሉ በሹክሹክታ። «ቀስ ብለሽ አውጪኝ። ሰው እንዳያውቅ።»

ደሚቱ ብብታቸውን ይዛ አነሣቻቸው፤ በሌላው እጇ አምቡላንስ ልትጠራ ኪሷ ውስጥ ስልኳን ትዳብሳለች። ሸዋሉል ጀበናውን እንደያዘች መንገዳቸው ላይ ቆመች።

«ውይ፣ ምነው? ምን ሆኑብን?»

የእማማ ጣቶች የደሚቱ ክንድ ላይ ጠበቁ።

«ምንም» አለች ደሚቱ። «ደስታው በዝቶባቸው ነው።»

«አሜን!» አለ ቤቱ በሙሉ።