የሁለት ሰው ነፋስ

እኛ የስሪላንካ ኔጎምቦ ዓሣ አጥማጆች ነፋስ የምንለካው በሰው ነው። ታንኳችን ጠባብ ናት፤ ሸራው ሲወጠር እንዳትገለበጥ ከጎኗ ተንሳፋፊ ግንድ ታስሮላታል። ነፋሱ ሲበረታ ሰው ግንዱ ላይ ወጥቶ ይቀመጥበታል። አንድ ሰው ከበቃው የአንድ ሰው ነፋስ፣ ሁለት ከፈለገ የሁለት ሰው ነፋስ ነው። ሦስት ከፈለገ ወደ ቤት ነው፤ መቅዘፊያውን ማን ይያዝ?

ታንኳዋ ላይ ሦስት ነን፦ መሪው ሳንቲያጉ፣ ታናሽ ወንድሙ ጆኪኑ፣ ጎረቤታቸው እኔ። ግንዱ ላይ የምንወጣው ጆኪኑና እኔ ነን። ጆኪኑ ግን ለወራት በሳንባ ሕመም ተኝቶ ከተነሣ ወዲህ ሸሚዙ ባለቤቱን የሚፈልግ ይመስላል። እኔም ብወፍር ብወፍር ሁለት አልሆንም።

ያን ሰሞን ነፋሱ አልተኛ አለ። በየማለዳው ወርደን አሸዋው ላይ እንቀመጣለን፣ ማዕበሉን እናያለን፣ እንመለሳለን። መቀመጥ እንዲህ ያደክማል ብዬ አላስብም ነበር። ቤትም ሩዝ በኮኮናት፣ ኮኮናት በሩዝ።

ሐሙስ ጠዋት ትንሽ ረገብ አለና ታንኳዎች መውጣት ጀመሩ። ጆኪኑ ሽርጡን ሰብስቦ ተነሣ።

«አያ፣ የሁለት ሰው ነው። እንሂድ።»

ሳንቲያጉ ባሕሩን አየ፤ ከዚያ የወንድሙን እግር አየ።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቄ። መሪው አንተ።»

የሁለት ሰው መሆኑን ሕፃንም ያውቃል። ጭንቁ ግንዱ ላይ ሁለት ሰው አለን ወይ ነው። ይህን ጆኪኑ ፊት ማን አፉን ሞልቶ ይናገራል? ያን ሁሉ መድኃኒት የዋጠው እንደገና እንደ ሰው ለመቆጠር ነው።

«የሦስት ሰው ነው» አለ ሳንቲያጉ።

«ምኑ ነው የሦስት?»

«ነው አልኩህ፣ ማሊ። ሸራውን ጠቅልሉት።»

ማሊ፣ ማለትም ታናሼ፣ የሚለው ሊያባብለው ሲፈልግ ብቻ ነው።

አጠገባችን ታንኳ የሚገፉት ሰምተዋል።

«ሳንቲያጉ፣ ዛሬ የለካችልህ ሚስትህ ናት?» አለ አንዱ።

«ተወው፣ ፀጉሩን ነፋስ እንዳያበላሽበት ነው» አለ ሌላው። ሳንቲያጉ መላጣ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲቀዝፍ የኖረ ሰው ጎንበስ ብሎ ሸራውን ጠቀለለ።

የወጡት ሁሉ ከሰዓት በኋላ ዓሣቸውን ይዘው በሰላም ገቡ። እኛ ሽታውን እያሸተትን ሩዛችንን በላን።

ወደ ማታ መረቡን ሳጥፍ ጆኪኑ ብቻውን መጣ። ታንኳዋ ጉማጅ ላይ ስለተቀመጠች ግንዱ ከአሸዋው ከፍ ብሏል፤ እኔ ስደገፈው እንኳ ዝቅ ይላል። ጆኪኑ ጫፉ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ግንዱ ንቅንቅ አላለም። ትንሽ ቆይቶ ወረደና ሽርጡን አራግፎ ሄደ። እኔም መረቤን አጠፍኩ።

በማግስቱ ነፋሱ ተኛ። ጆኪኑ ከሁላችን ቀድሞ ወርዶ ጠበቀን።

«አያ፣ ዛሬ የግማሽ ሰው ነፋስ ነው። ግንዱ ለእኔ ይተውልኝ፣ ይሄ ወፍራም ጎረቤታችን ሸራው ጋ ይሁን።»

ሳንቲያጉ መቅዘፊያውን ታንኳዋ ውስጥ አስገባ።

«ግማሽም የምትሆነው ከበላህ በኋላ ነው» አለ። ከዚያ ታንኳዋን ገፋን።