የማቡኪያው ሆድ

ሙዚየሙ ካቻቢቴውን ከቦርሳው ሲያወጣ ባለዶናቷ መዳፏን በሊጥ ማቡኪያው ክዳን ላይ አሳረፈች።

«ሳይከፈት ነው የምወስደው ብለኸኝ አልነበር?»

«ብዬ ነበር» አለ፤ «ግን እህቴ፣ አይቆጡኝና ይህ ቀይ ቀለም አላማረኝም።»

ሙዚየም እናት አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም። አሮጌ የቤት ዕቃ እየሰበሰበ ሦስት ክፍል ስለሞላ የዶናት ቤቱ ደንበኞች የለጠፉበት ነው። በከሰል የሚሠራ ካውያ፣ በእጅ የሚዞር የሥጋ መፍጫ፣ ለሁለት ሰው የሚከብድ ሬዲዮ ቤቱ ደርድሮ በየሳምንቱ አቧራቸውን ይጠርጋል አሉ። ከወር በፊት ዶናት ሊበላ ገብቶ ማቡኪያው ከጓዳ ሲያጉረመርም ሰማ፤ ዶናቱን በእጁ እንደያዘ ተነሥቶ የጓዳው በር ላይ ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ ቀን አልዘለለም። ዛሬ ፒክአፕ ተከራይቶ፣ ሁለት ገመድ ይዞ መጥቷል። የተስማሙበት ዋጋ አዲስ ማቡኪያ ገዝቶ ለመጥበሻ ምድጃም ይተርፋል።

በዚህ ዶናት ቤት ከሰዓት በኋላ የሚወራው ወሬ አንድ ነው፤ የማን ዕቃ የበለጠ ቆየ የሚል። ጡረተኛው መምህር በሠርጋቸው ዓመት የገዙት ካውያ አላቸው፤ ትዳሩ ከቀዘቀዘ ስንት ዘመኑ፣ ካውያው ግን ዛሬም እንደጋለ ነው ይላሉ። ታክሲ ነጂው ደግሞ በእናቱ ፍሪጅ ይመካል። ፍሪጁ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሲጠፋ አንዴ በእርግጫ ሲሉት ይነሣል። መምህሩ ይህን በቀላሉ አያሳልፉትም። «በእርግጫ የሚነሣማ ዘላቂ አይባልም፣ ፈሪ ነው» ይሉታል። እንዲህ ሲነታረኩ ቆይተው መጨረሻ ላይ ሁለቱም ጣታቸውን ወደ ጓዳው ይቀስራሉ፤ ከማቡኪያው የሚበልጥ የለምና። ሠላሳ አንድ ዓመት፤ አንድ ቀን ሳይበላሽ፣ አንድ ቀን ሳይፈታ።

ይህን ያወራ የነበረው ባሏ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ፋብሪካው ማንም እንዳይነካቸው ብሎ በአራቱ ብሎኖች ራስ ላይ ቀይ ቀለም ጠብ አድርጎባቸዋል። ባሏ እንግዳ በመጣ ቁጥር እነዚያን አራት ቀይ ነጥቦች እያሳየ፣ «ካቻቢቴ ምን እንደሚመስል አያውቅም» ይል ነበር። እሑድ እሑድ ጠዋት ብቻ ግራሶ ልቀባው ብሎ ጓዳውን ከውስጥ ይዘጋል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ ይወጣል። ግራሶ ለመቀባት ይህን ያህል ጊዜ ምን ይሠራል ብላ አንድ ሁለት ጊዜ ጠይቃዋለች። ስቆ ነው ያለፋት። እሷም ሰው የራሱ የሆነ አንድ ክፉ ያልሆነ ነገር ቢኖረው ምን አለበት ብላ ተወችው።

እሱ ካለፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ማቡኪያው ከጥቂት ወራት ወዲህ ሊጡ ሲጠጥርበት ያቃስታል። ዛሬ ይቆማል ነገ ይቆማል እያለች ጆሮዋን ጥላ መዋል ሰልችቷታል። እጇ ላይ ሌላ ነገር እንዲቆምባት አልፈለገችም። ለመሸጥ የቆረጠችው ለዚህ ነው፤ ለማንም ግን እንዲህ ብላ አልተናገረችም። አዲስ ማሽን ሥራ ያፈጥናል ነው ያለቻቸው።

«አስር ሰዓት ሆነ» አለ ታክሲ ነጂው በመስኮቱ እያየ። «እትዬ አለፉ።»

ባለዶናቷ ዞራ አላየችም። ሳታይም ታውቀዋለች። የባሏ ታላቅ እህት በየቀኑ በዚህ ሰዓት በዚህ መስኮት ፊት ለፊት ታልፍና መንገዱን ተሻግራ መስተዋታሙ ዶናት ቤት ትገባለች። እዚያ ዶናቷን በልታ፣ ለማታ የሚሆናትን በወረቀት ከረጢት አስይዛ፣ ከረጢቱን እንደ ባንዲራ እያወዛወዘች በዚሁ መስኮት ፊት ትመለሳለች። ይህን ማድረግ ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እዚሁ ዘይቱ ላይ ቆማ ዶናት የምትጠብሰው እሷ ነበረች።

ያጣላቸው የስፌት መኪና ቺንጋ ነው። እትዬ የባለዶናቷን በእግር የሚረገጥ ስፌት መኪና ለመጋረጃ ተውሳ ቅዳሜ ማታ መለሰች። ሰኞ ባለዶናቷ ሽርጥ ልትጠቀልል ብትቀመጥ፣ መንኮራኩሩን የሚያዞረው የቆዳ ቺንጋ የለም። እትዬ እንደወሰድኩት መልሻለሁ አለች። ቃል ቃልን ወለደ፤ ባለዶናቷ ደንበኞች በተሰለፉበት፣ «እጁ ለማያርፍ ሰው ከእንግዲህ ዕቃ አላውስም» አለች። እትዬ ሽርጧን ፈትታ፣ አራት ቦታ አጥፋ ባንኮኒው ላይ አኖረችና ወጣች። የባለዶናቷ ባል ያን ቀን አንገቱን ደፍቶ ዋለ። በማግስቱ አዲስ ቺንጋ ገዝቶ መጣና ስለ ጠፍር ሰው አይጣላም፣ ተይው አላት። በእህቱ አፍሮ ነው ብላ አሰበች። እትዬ ለቀብሩ መጥታ ከሰው ኋላ ቆማ አለቀሰች፤ ያጽናሽ፣ ያጽናሽ ተባብለው ተለያዩ። ከዚያ ወዲያ የለም።

ሙዚየሙ ጎንበስ ብሎ አንዱን ቀይ ነጥብ በአውራ ጣቱ ጥፍር ፋቅ አደረገና አሸተተው።

«ይህ የፋብሪካ ቀለም አይደለም» አለ። «የጥፍር ቀለም ነው።»

መምህሩ ከወንበራቸው ተነሡ። ታክሲ ነጂው የነከሰውን ሳይውጥ ተጠጋ። ባለዶናቷ ደግሞ ለእህቷ ልጅ ሠርግ የገዛቻት አንዲት ቀይ የጥፍር ቀለም ትዝ አለቻት፤ አንድ ቀን ተቀብታት ከመሳቢያ የጠፋችው። ለእንዲያ ላለ ነገር ሰው ጠይቃ አታውቅም። አሁን ግን ሃያ ዘጠኝ ዓመት ደጅ የቆመችበት የእሑድ ጠዋት በር ትዝ አላት፤ መዳፏንም ከክዳኑ ላይ አነሣች።

«ክፈተው» አለች።

«ከከፈትኩት ያልተፈታ ማለት ይቀራል። ዋጋው ላይ...»

«ክፈተው አልኩህ፣ ወንድሜ። እኔም ማየት አለብኝ።»

አራቱ ብሎኖች ምንም ሳይታገሉ ወጡ። ብዙ ጊዜ የተፈታ ብሎን ነገሩ ያስታውቃል፣ አለ ሙዚየሙ ለራሱ። ክዳኑ ሲነሣ ያረጀ ዱቄትና የግራሶ ሽታ ወጣ። ሰውየው ባትሪውን አብርቶ አንገቱን አስገባ፤ ለረጅም ጊዜም ሳያወጣ ቆየ። ከዚያ አንድ አንድ እያለ ያሳያቸው ጀመር። ይህ ሞላ የአልጋ ነው። ይህ ከብሎን ሥር የሚገባው ሮንዴላ ከቆርቆሮ ተቆርጦ የተሠራ ነው፤ ላዩ ላይ የብስኩት ሥዕል ግማሹ ይታያል። ባለዶናቷ ቆርቆሮውን ለየችው፤ ክዳኑ ጠፍቶ ዓመት ሙሉ ሰሃን ከድናበታለች። ይህ ደግሞ የዣንጥላ ዘንግ ነው፤ እንዴት አድርጎ እንዳጎበጠው እኔንጃ፣ አለ ሙዚየሙ። ድምፁ ውስጥ የነጋዴ ነገር አልነበረም፤ ልጅ እንቆቅልሽ ሲፈታ እንዲህ ነው የሚሆነው።

«ከሞተሩ ቅርፊትና ከክዳኑ በቀር የፋብሪካ የሚባል ነገር አላገኘሁም» አለ።

«ታዲያ» አሉ መምህሩ፣ መነጽራቸውን እያወለቁ፣ «ሠላሳ አንድ ዓመት ሳይበላሽ የቆየው ምኑ ነው?»

ሙዚየሙ አንገቱን መልሶ አስገባ።

«የሚያቃስተው በዚህ ነው» አለ ሙዚየሙ ከውስጥ። «ቺንጋው ላልቷል። ደግሞም የማሽን ቺንጋ አይደለም። ቀጭን ጠፍር በሁለት አጥፎ፣ ገምዶ...»

«ጫፉ በምንድን ነው የተያያዘው?» አለች ባለዶናቷ።

ሙዚየሙ ባትሪውን አስጠጋ። «ሽቦ ነው። ጥቁር። የሴት ፀጉር ማስያዣ ይመስለኛል፤ ሦስት ጊዜ ታጥፏል።»

ማየት አላስፈለጋትም። የስፌት መኪናዋ ቺንጋ በተበጠሰባት ቀን ከራሷ ላይ ነቅላ፣ በጥርሷ አጥፋ ያያያዘችው እሷ ናት።

የሆነውን እንደ ተከፈተ ማሽን ፊት ለፊት አየችው። ቅዳሜ ማታ ስፌት መኪናው ተመለሰ። እሑድ ጠዋት ጓዳው ተዘጋ። ሰኞ ደንበኛ ሊደርስ ነው፣ የማቡኪያው ቺንጋ ተበጥሷል፣ «ተበላሽቶ አያውቅም» የሚባለው ማሽን ቆሟል። ማታ እመልሰዋለሁ ብሎ የስፌት መኪናውን ቺንጋ ወስዶ ይሆናል። ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ደግሞ አንደበቱ ታሰረ። ምስጢሩን ለእህቱም ለሚስቱም ሳይሆን ሆድ ይፍጀው አለና ለማቡኪያው ሰጠው። ሳቅና ቁጣ አንድ ላይ መጡባት። የምትቆጣው ሰው ግን አጠገቧ አልነበረም፤ ሳቋንም ያለ እሱ መሳቅ አልፈለገችም። ሽርጧን ሁለት ጊዜ አስተካከለች።

ሙዚየሙ ራሱን አውጥቶ ጉልበቱን አራገፈ። መላ አለው፤ የተጨመረውን ሁሉ አውጥቶ፣ ከሌላ ማሽን የፋብሪካ ዕቃ ፈልጎ ይገጥምለታል፤ ያን ጊዜ ዋጋው አይነካም። እነዚህ ለምንም አይሆኑም፣ ይጣላሉ፣ አላት።

«ቺንጋውን አውጣልኝ» አለች።

«ያለሱ አይሠራም እኮ።»

«አውቃለሁ። ማሽኑ የትም አይሄድም።»

«አይሸጡትም ማለት ነው?»

«አልሸጠውም፤ እሑድ መልሶ ይገጠማል። ለፒክአፑ ያወጣኸውን እክስሃለሁ።»

ሙዚየሙ የማቡኪያውን ክፍት ሆድ ትንሽ አየው። ክሱን አልፈልግም አለ። የፈለገው ሌላ ነው፤ እሑድ ሲገጠም መጥቶ ቢያይ፣ ቢቻል ደግሞ የዣንጥላውን ዘንግ ነገር በወረቀት ላይ ቢነድፈው። ና አለችው። ቺንጋውን አውጥቶ ሰጣት፤ ዱቄት ጠጥቶ ነጥቷል።

«ጋሼ፣ ባንኮኒውን ይያዙልኝ» አለቻቸው መምህሩን።

«ወዴት ነው?»

ወደ መንገዱ ማዶ በአገጯ አሳየቻቸው። ታክሲ ነጂው ተሳሳትሽ ሊላት ሲል እጇ ላይ ያለውን ቺንጋ አየና በሩን ከፈተላት።

መስተዋታሙ ዶናት ቤት ከተከፈተ ጀምሮ ደፉን ረግጣ አታውቅም። ውስጡ ከሩቅ ከሚታየው ይበልጥ ያበራል። ዶናቶቹ ሮዝና ሰማያዊ ተቀብተው ተደርድረዋል። ማቡኪያቸው ከኋላ እየሠራ ይሆናል፤ ድምፅ ግን የለውም። ሻጯ ምን ልታዘዝ ለማለት አፏን ከፍታ ማን እንደሆነች ስታይ መልሳ ዘጋችው። ከአንድ ሁለት ጠረጴዛ አንገቶች ዞሩ። ባለዶናቷን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃታል።

እትዬ መስኮቱ ጥግ ተቀምጣለች፤ ፊት ለፊቷ ግማሽ ዶናት አለ። ባለዶናቷ ቺንጋውን ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጠችው። ዝቅ ብላ በጆሮዋ ልትነግራት አስባ ነበር። ያኔ ግን ያለችውን በሰው ፊት ነው ያለችው።

«እትዬ» አለች፤ እስከ በሩ ተሰማ። «ቺንጋው ተገኘ። ማቡኪያው ውስጥ ነበር። ወንድምሽ ነው ያደረገው። አንቺ አልወሰድሽም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

እትዬ ቺንጋውን አነሣች። የፀጉር ሽቦውን በጣቷ አገላበጠች።

«ይሄ ልጅ» አለች። «የአባታችንን የግድግዳ ሰዓት ፈትቶ መግጠም አቅቶት፣ የተገረፍኩት እኔ ነኝ። አጠገቤ ቆሞ አብሮኝ ሲያለቅስ ዋለ እንጂ እኔ ነኝ አላለም።»

«አልነገርሽኝም።»

«ምን ብዬ? ባልሽ አይደል?»

ባለዶናቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እትዬ ሳህኑን ወደ እሷ ገፋ አደረገችው።

«ደረቅ ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ዶናታቸው። ስድስት ዓመት ሙሉ ደረቅ ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። «ሊጥ አለሽ?»

«ግማሽ የተቦካ አለ። ማሽኑ ግን ተፈቷል።»

«እጅ የለንም እንዴ?»

እትዬ የበላችበትን ከፍላ፣ ሻጯ እንደ ልማዷ ያዘጋጀችላትን የማታ ከረጢት ዛሬ ይቅርብኝ ብላ ተነሣች። ባለዶናቷ ቺንጋውን ለመያዝ እጇን ዘረጋች። እትዬ ግን ቀደመቻትና መዳፏ ላይ ጠቀለለችው።

«ተይው» አለች። «የምመልሰው እኔ ነኝ።»

መንገዱን ሲሻገሩ ሙዚየሙ፣ መምህሩና ታክሲ ነጂው በመስኮቱ ተደርድረው ያያሉ። እትዬ ቺንጋውን ከመዳፏ ፈትታ፣ ከረጢቱን ታወዛውዝ እንደነበረው ለሚያይ ሁሉ እንዲታይ አድርጋ ይዛው ነበር። ባለዶናቷ እርምጃዋን ቀነስ አድርጋ ወደ ኋላ ቀረችላት።