የኋላው ኮርቻ

ሰፈሩ ሁሉ ሸወዴ ነው የሚለው። ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ሲጠግን ይውላል፣ እጁ ሲያርፍ ደግሞ ሰው ይሸውዳል። «ኧረ ጎማህ ተነፈሰ!» እያለ ስንቱን ሾፌር በደህና ጎማ ከመኪናው አስወርዶ አስፋልት ላይ አንበርክኮታል። ያን ቀን ጠዋት ግን ጨዋ ለመምሰል ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ፣ ሸሚዙን እስከ ጉሮሮው ቆልፎ፣ የሚወዳት ልጅ አባት በር ላይ ቆሟል።

ልጅቷ ልብስ ሰፊ ናት። «አባዬን ካስደሰትክልኝ ነገሩ አለቀ» ብላዋለች። አባቷ ዕድሜ ልካቸውን አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ሾፌሩ ነው የሚባሉት። ቤት መቀመጥ አልሆንላቸው ሲል ሁለት አሮጌ ብስክሌት ብየዳ ቤት ወስደው አንድ ላይ አስበየዱና የሁለት ሰው ረጅም ጉድ ወጣው። «አውቶቡሱ» ይሉታል። መሪውም ፍሬኑም ከፊት ነው። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ፔዳል ከመርገጥ በቀር ሥልጣን የለውም። የሚይዘው ብረት እንኳ የተበየደ ነው፣ ንቅንቅ አይልም።

ዛሬ ከኋላ የሚረግጠው ሸወዴ ነው። መንገዱ በሐይቁ ዳር ዳር ከሰፈር እስከ ጀልባ ማቆሚያው ነው፤ ሲረገጥ ይዋላል። ልጅቷ ለደንበኛዋ ቀሚስ ልታደርስ በሚኒባስ ቀድማ ሄዳለች፤ እዚያ ትጠብቃቸዋለች።

«አፍህን ዝጋ፣ እግርህን ክፈት» አሉት ሾፌሩ። «ተሳፋሪ ሾፌር አያናግርም።»

«ትኬትስ አይቆረጥም ጋሼ?»

«አንገትህን ነው የምቆርጠው። ርገጥ!»

መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። ሐይቁ በቀኝ በኩል እንደ ተወለወለ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል፤ ወፎቹ ድንጋዩ ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሾፌሩ አንገታቸውን እንደ ዶሮ ወደ ጎን አዘንብለው፣ ዳር ያለውን ነጭ መስመር ሙጭጭ ብለው ይነዳሉ። ሸወዴ ኩራት መሰለው። የሚታየው የሳቸው ሰፊ ጀርባ ብቻ ነው፤ ጀርባ ማየት ሲሰለቸው ያች የለመደች አመሉ ተነሳችበት።

«ጋሼ፣ ላም!» ብሎ ጮኸ።

ሾፌሩ ፍሬኑን ጥርቅም አደረጉት። ቃጭሉን አንጫረሩት። «ሂጂ! ሂጂ ከዚህ!» እያሉ ባዶው አስፋልት ላይ ጮኹበት።

ሸወዴ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሳቀ፣ ሳቀና መሀል ላይ ሳቁ ቀጥ አለ። አስፋልቱ ላይ ላም ቀርቶ የላም ጥላ የለም። ዓይን ያለው ሰው ማንን ነው «ሂጂ» የሚለው?

«ሄደች?» አሉ ሾፌሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ጋሼ... ላም የለችም እኮ።»

ሸወዴ ወረደና ፊታቸው ቆሞ እጁን ዘረጋ። «ስንት ጣት ነው?»

«እጅህን ሰብስብ፣ ባለጌ!»

«ስንት ነው ጋሼ?»

ሾፌሩ ወደ ሐይቁ ዞሩ። «ዳር ዳሩ ይታየኛል። መሀሉ ነው እንቢ ያለኝ። ፊት ለፊቴ ያለው ነገር ሁሉ ጭስ ነው።»

«ልጅዎ ታውቃለች?»

«ብታውቅ ይህችን ብስክሌት በመጋዝ ነው የምትቆራርጣት። አንተን ለምን ያመጣሁህ መሰለህ፣ ለቁመናህ? ሌላ ሰው ቢነግራት ታምናለች። አንተን ማን ያምንሃል?»

ሸወዴ መሪውን ያዘ። «እሺ እኔ ከፊት ልሁን።»

«እኔ ተሳፋሪ ሆኜ አላውቅም።»

«እንግዲያው እኔ ቀረሁ!»

«ቅር» አሉና እግራቸውን ፔዳሉ ላይ ሰቀሉ። እውነታቸውን ነው፣ ሊሄዱ ነው። ሸወዴ ልጅቷ ፊት ቆሞ «አባትሽን ለብቻቸው መንገድ ላይ ትቻቸው መጣሁ» ሲላት ታየው። ዘሎ ተፈናጠጠ።

ከዚያ በኋላ የሐይቁን ማማር ማን ያያል! ሸወዴ ጭንቅላቱን በሳቸው ብብት ሥር አሹልኮ፣ ዓይኑ ፍጥጥ እንዳለ ሥራው መጮህ ብቻ ሆነ። «ጉድጓድ በግራ! ጋሪ! ኧረ ልጆች፣ ልጆች!» ምሳ ላይ ዳቦ በእንቁላል ሰጡት፤ አፉ ውስጥ አሸዋ ሆነበት። ከምሳ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ወጣ። ሐይቁ በቀኝ በኩል ወደ ታች ራቀ፣ ራቀና ከነጩ መስመር ማዶ አየር ብቻ ቀረ። አጥር የለ፣ ድንጋይ የለ። ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ።

«ፍሬን ያዙ ጋሼ!»

«ገና ነው። ይህንን መንገድ ተኝቼ እነዳዋለሁ።»

ንፋሱ የሸወዴን ሸሚዝ እንደ ፊኛ ነፋው። ፔዳሉ ከእግሩ ሥር አመለጠው። ኩርባውን ሲዞሩ አንድ የጭነት መኪና መንገዱ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«መኪና! ቆሟል! ግራ ይያዙ፣ ግራ!»

«ይቺም ላም ናት?» አሉ ሾፌሩ እየሳቁ።

«እናቴ ትሙት! እናቴ ትሙት ጋሼ!»

ድምፁ የሕፃን ድምፅ ነበር። እሱም የራሱ አልመሰለውም። ያኔ ሾፌሩ ሳቃቸውን ዋጡ፤ ፍሬኑን ጨብጠው መሪውን ጠመዘዙት። ግን ወደ ቀኝ! የሚታያቸው ነጩ መስመር ነዋ። ጎማው ከአስፋልቱ ወርዶ ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተ። ሸወዴ ከኮርቻው ወደ ኋላ ተወርውሮ በቂጡ መሬት ወረደ፤ ኮርቻውን ግን አለቀቀም። እየተጎተተ፣ ሱሪው እየተቀደደ፣ ተረከዙን ጠጠሩ ውስጥ እየሰካ ሄደ፣ ሄደ... ቆመ።

የፊት ጎማው አየር ላይ ይሽከረከራል። ጠጠር ወደ ታች ረገፈ። ሸወዴ ጆሮውን አቆመ፤ ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣ ጠብ ሲል ሰማው።

«አለፍነው?» አሉ ሾፌሩ።

ሸወዴ አውቶቡሱን ከነሳቸው ወደ አስፋልቱ ጎትቶ መለሰው። በዚህ መሀል ከጭነት መኪናው ሥር አንድ ሰው ጭንቅላቱን ብቅ አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ ክሪክ ይዘሃል? ጎማ ፈንድቶብኝ ነው» አለው። ሸወዴ በዕድሜው ጎማ መጠገን አስጠልቶት አያውቅም፤ ያን ጊዜ አስጠላው።

የቀረውን ቁልቁለት አውቶቡሱን እየገፉ በእግራቸው ወረዱ።

ልጅቷ ጀልባ ማቆሚያው ጋ ስታያቸው በደስታ ዘለለች። «አባዬ! ደረሳችሁ! ምነው ሱሪህ?» አለች ወደ ሸወዴ ዞራ፣ መልሱን ሳትጠብቅ። «በቃ ነገ ጠዋት ስንመለስ እኔ ነኝ ከኋላ! አንተ በሚኒባስ ትመጣለህ።»

ሸወዴ ያ ጠጠር ጠብ ሲል እንደገና ሰማው። አሁን የምትወድቀው እሷ ናት።

«እንዴታ፣ ነገ በጠዋት» አሉ ሾፌሩ። አንድ እጃቸው መሪውን እንደ ያዘ፣ ሌላው ግን የሸወዴን ትከሻ ጨመደደው።

«አባትሽ አያዩም» አለ ሸወዴ።

ልጅቷ ከት ብላ ሳቀች። «ባለፈው ሳምንት ደግሞ የልብስ ስፌት መኪናሽ ተሰረቀ ብለህ በባዶ እግሬ አስሮጥከኝ።»

«እናቴን! ገደል ልንገባ ነበር!»

«አንተ ልጅ፣ አይበቃህም? ዛሬ እንኳ ብትተወን ምን አለበት?»

ሾፌሩም ፈገግ አሉ። እሷን ለማሳመን የቀረው ቃል የለም። ሸወዴ የሳቸውን እጅ ከትከሻው አውርዶ ፊት ለፊታቸው ቆመ፣ ስንዝር በማትሞላ ርቀት። ዓይኑን አንሸዋረረ። ምላሱን እስከ አገጩ ጎልጉሎ አወጣ።

ልጅቷ ደርቃ ቀረች። ፈገግ ያለባቸውን ተሳፋሪ ከአውቶቡስ ያወርዱ የነበሩት አባቷ ፊት! ጥፊው እስኪያርፍ ጠበቀች። ሸወዴም ጠበቀ፤ ጥፊው ቢመጣ ኖሮ እጃቸውን ይስም ነበር።

ሾፌሩ ቀጥ ብለው ያዩታል። ፈገግታቸው እንዳለ ነው።

«ሻይ የሚባል ነገር የለም እንዴ እዚህ?» አሉ።

የልጅቷ ፊት ላይ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። አባቷን አየች፣ ያንን ምላስ አየች፣ ደግሞ አባቷን። ሸወዴ ምላሱን አልሰበሰበም፤ ሲሰበስበው የሚመጣውን ነገር ፈርቷል።

«ምነው ዝም አላችሁ? ሰው ሞተ እንዴ?»

«አልሞተም፣ አባዬ» አለች። ተጠግታም የአውቶቡሱን መሪ ከእጃቸው ላይ፣ ጣት በጣት፣ አስለቀቀች።