እጅጌ የሆነው ገጽ

እኔና አክስቴ ልብስ ሰፊዎች ነን። ወንድሜ ግን ከሱቃችን ጀርባ ባለችው ክፍል ተጎልቶ ስምንት ዓመት ሙሉ ወረቀት ሲያጠቁር ኖረ። ዓለም የተሠራችው ከሚርገበገቡ ደቃቅ ክሮች ነው ይላል።

«ክሩን ያየ ሰው አለ?» አለችው አክስቴ።

«ገና ነው...»

«እንግዲያው ቅዳሜ ክፍሌን ልቀቅልኝ። ሁለተኛው የስፌት መኪናዬ በረንዳ ላይ ዝናብ እየጠገበ ነው።»

አርብ ጠዋት የድሮ የዩኒቨርሲቲ የሒሳብ አስተማሪው መጣች። ፊቷን ከበሩ ጀምሮ ነው የቋጠረችው። ወንበር ብሰጣት መርፌ የሰካሁበት ይመስል ገላመጠችኝ።

«ስለ ክሮችህ የምትለውን አንዱንም አላምንም» አለችው። «ቁጥርህ ግን ትክክል ነው።»

ለካ አንድ ውስብስብ ቅርጽ ላይ ስንት ጥምዝ መስመር እንደሚያርፍ በክሮቹ ሐሳብ አስልቶ ልኮላት ኖሯል። እሷና ባልደረቦቿ በራሳቸው መንገድ ሁለት ዓመት ቆጥረው ሌላ ቁጥር አገኙና ሳቁበት። ሲፈትሹት የተሳሳቱት እነሱ ሆነው አረፉት!

«እንዴት እንደደረስክበት አሳየኝ፤ ከሰኞ ጀምሮ እኛ ጋ ታስተምራለህ። ሒሳብ ብቻ። ክር የሚል ቃል ከአፍህ እንዳይወጣ።»

«ያለ ክሩ እኮ ቁጥሩ አይመጣም ነበር!»

«ከየትም ይምጣ። ወረቀቱን!»

ገብቶ ክፍሉን አተራመሰና ደሙ ፈልቶ ወጣ። «ስሌቱ ያለበት ገጽ አርባ አንድ የለም!»

እኔ መቀሴን አየሁ። ወረቀቱ ሰፋፊ ነው፣ ጨርቅ ለምንቆርጥበት የልብስ ልክ ይመቻል። ሐሙስ ዕለት አክስቴ «ከዚህ ከማይረባው እጅጌ አውጪ፣ አሮጌው ልክ ተቀዷል» ስትለኝ አወጣኋ! ጣቴን ልክ ወደምንሰቅልበት ምስማር ቀሰርኩ። ገጽ አርባ አንድ የካፖርት ግራ እጅጌ ሆኖ ተንጠልጥሏል።

ወንድሜ ሊያንቀኝ ሲመጣ ሴትዮዋ እጅጌውን አወረደችው። ብብቱ ጋ የጎደለውን ከቁርጥራጭ ቅርጫቱ ለቅማ ገጠመችና አነበበች። አንዴ ብቻ «ወይ ጉድ» አለች፣ እሱንም በጥርሷ መሀል።

«እንዳትወስጂው!» አለች አክስቴ። «ስንት ካፖርት የሰፋሁበት ልክ አሁን እሱ ላይ ብቻ ነው ያለው!»

«የማን ልክ ነው?» አለች ሴትዮዋ።

«የአንድ ሰውዬ። ተለክቶ በዚያው ቀረ። ልኩ ግን አንደኛ ነው።»

«ሰውዬው ሳይመጣ ስንቱን አለበስሽበት?» አልኳት። «ታዲያ ክሩ ባይታይም ቁጥሩ ከሠራ፣ ወንድሜን በምን ጥፋቱ ነው የምታባርሪው?»

አክስቴ እንዲህ ያለውን ጥያቄ በማስመሪያ ነው የምትመልሰው። ክንዴ እስካሁን ይጠዘጥዘኛል።

እጅጌውን በሌላ ወረቀት ገልብጬ ገጹን ከነቁርጥራጩ ለሴትዮዋ ሰጠኋት።

«ሰኞ እመጣለሁ» አላት ወንድሜ። «ስለ ክሩ ግን ዝም አልልዎትም።»

«ይስቁብሃላ!» አለች ሴትዮዋ።

ቅዳሜ ክፍሉን ለቀቀ፣ የስፌት መኪናው ገባ። ወንድሜ እኔን ደህና ሁኚ እንኳ አላለኝም። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ ሸከፈ፤ መቀሴንም ይዞብኝ ሄደ።