አራተኛዋ ጥርስ

ጓጉንቸር በሚሠራባት ከተማችን በዊለንሆል የቢራ ቤቶቹ ግድግዳ ጉድጓድ አለው። ከአግዳሚው ጀርባ፣ በትከሻ ከፍታ፣ ጡቡ ተፈልፍሏል። ደንበኛው ተደግፎ እንዲጠጣ ነው፤ ጉብጠቱ እዚያ ውስጥ ይገባለታል። ዕድሜውን ሙሉ ብረት መያዣው ሞርሳ ላይ ተደፍቶ ጓጉንቸር ሲሠራ የኖረ ሰው ቀኝ ትከሻው ወደ ላይ ይወጣና ቀጥ ብሎ መቀመጥ አይሆንለትም። የጎረቤት ከተማ ሰዎች ይስቁብናል። ይሳቁ፤ ቤታቸውን የሚዘጉት ግን በእኛው ጓጉንቸር ነው።

ከምድጃው አጠገብ ያለው ጉድጓድ የአባቴ የኢኖክ ፕሪስት ነበር። እኔ ልጁ ኬዚያ ከእሱ ጋር በጓሯችን መሥሪያ ክፍል ቁልፍ እሞርዳለሁ። ሃያ ሦስት ዓመት በሞላኝ በዚያ ጸደይ፣ አንድ ጠዋት ቀሚሴን ስለብስ በቀኝ ትከሻዬ በኩል ጠበበኝ። መስታወት አላየሁም። ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ።

ሩበን የሚባል፣ በቦዩ ላይ፣ ከዳር ፈረስ በሚጎትታት ጀልባ ከሰል የሚያመላልስ ጀልባ ነጂ ነበረ። «ቅዳሜ ጠዋት ድልድዩ ሥር ነኝ። አብረን እንሄዳለን፤ ከዘገየሽ እኔ ብጠብቅሽ እንኳ ፈረሱ አይጠብቅሽም» ብሎኛል። አባቴ ግን አይለቀኝም። «ይህቺን ሥራ እንጨርስና ትሄጃለሽ» ይላል። ይህን ማለት ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው። አንዱ ሥራ ሲያልቅ ሌላው ይመጣል፤ እሱም ያችኑ ቃል አቧራዋን አራግፎ ያወጣታል።

ያን ጊዜ የያዝነው ለአንድ የበርሚንግሃም ነጋዴ ካዝና የሚሆን ጓጉንቸር ነበር። ካዝናው ራሱ መጥቶ መሥሪያ ክፍላችን መሐል ተገትሯል፤ ሰው ተኮራምቶ የሚገባበት የብረት ሣጥን ነው። ነጋዴው ዓርብ መጥቶ ሊሞክረው ነው፤ ከወደደው ሌላ አሥራ ሁለት ያዝዛል። አሥራ ሁለት! ከዚያ በኋላ እኔም ከምድጃው ማዶ ጉድጓድ ይፈለፈልልኝ ማለት ነው።

ስለ ጓጉንቸሩ ካልነገርኳችሁ ያደረግሁት አይገባችሁም። ውስጡ ምላስ የምንላቸው ስድስት ስስ የናስ ቁራጮች አሉ። ቁልፉ ስድስት ጥርስ አለው፤ እያንዳንዱ ጥርስ የራሱን ምላስ በልኩ ያነሳል። አንዱ ጥርስ ከልኩ አስበልጦ ያነሳ እንደሆነ «ሰላይ» የምንላት ሞላ ትወድቅና ሁሉንም ጥርቅም አድርጋ ትይዛለች። ከዚያ ወዲያ እሷን የሚያስለቅቃት ትክክለኛው ቁልፍ ብቻ ነው፣ ያውም መጀመሪያ ወደ ኋላ ዞሮ። አባቴ ሰባት ወር ደክሞበታል። ብናደድበትም አልዋሽም፤ ግሩም ሥራ ነበር።

የመጀመሪያውን ቁልፍ እሱ ሠርቶ ሰኞ ዕለት በጋሪ ለነጋዴው ላከለት። ልማዳችን ነው፤ ሌባ ሁለቱን አንድ ላይ እንዳያገኛቸው ቁልፍና ጓጉንቸር በአንድ መንገድ አይሄዱም። ተጠባባቂውን ቁልፍ እኔ ሞረድኩት። አራተኛዋን ጥርስ በፀጉር ያህል ከፍ አድርጌ ተውኳት።

ሆን ብዬ ነው። ነጋዴው ዓርብ ሁለቱንም ቁልፍ መሞከሩ አይቀርም። የእኔው ሰላይዋን ሲጥል «ይሄ ነው እንዴ ሥራችሁ?» ብሎ ትዕዛዙን ይሰርዛል፣ ሥራ ከሌለ ደግሞ አባቴ እኔን የሚይዝበት ምክንያት የለውም። አባቴ ቁልፉን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ አነሳው፣ አውራ ጣቱን አሳለፈበትና «ጥሩ ነው» አለ። ገረመኝ። ከፀጉር የቀጠነ ስሕተት የማያልፈው ሰው ነበር።

ሐሙስ ጠዋት፣ ሞራ የተቀባ ዳቦዬን ሳልጨርስ ጠራኝ።

«ሻማ ያዢና ግቢ። መወርወሪያዎቹ እስከ መጨረሻው መውጣታቸውን ከውስጥ እይልኝ።»

«ነገ ሰውየው ሲመጣ አብረን ብናየውስ አባዬ?»

«ሰው ፊት ልዋረድ? ግቢ አንቺ ቀጫጫ! እኔ ብገባ ጉብጠቴ ውጭ ይቀራል።»

በሩን ሳይዘጋ የሚሞክረው መስሎኝ ገባሁ፤ ጉልበቴን አገጬ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩ። በሩ ደግሞ ገፋ ሲያደርጉት በራሱ የሚቆለፍ ነው። ልናገር አፌን ስከፍት ተዘጋ።

«ወጡ?» የሚል ድምፁን ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ ሰማሁት።

«ወጥተዋል! አባዬ፣ በዚያ ቁልፍ አትክ...»

ጠቅ አለ። ያችን ድምፅ አውቃታለሁ። ሰላይዋ ወደቀች።

ቁልፉን ወዲህ አለው፣ ወዲያ አለው። ምንም። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይባላል። እኔ በሞረድ ቆፍሬ ራሴ ገባሁበት።

«ወድቃለች» አለ አባቴ። «ምን ነክቷት ነው? ቆይ፣ መሰርሰሪያ ላምጣ።»

«ይህን በር መሰርሰሪያ እስኪበሳው ይመሻል! አየር አይበቃኝም!»

ሌላው ቁልፍ በርሚንግሃም ነው። የሻማዬ ነበልባል አጠረች። አየሩን እንዳትጨርስብኝ እፍ አልኳት። ጨለማው ድቅድቅ ነበር፤ ጀርባዬ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል፣ ቀኝ ትከሻዬ ጣሪያውን ይነካል። ፈራሁ። ይህን ያህል ፈርቼ አላውቅም፤ የፈራሁት ግን ሞትን ብቻ አልነበረም፤ ከተናገርኩ በኋላ የሚሆነውንም ነው።

«አባዬ! አራተኛዋ ጥርስ ናት። ከፍ ብላለች።»

«አይቻታለሁ እኮ፣ ምንም የለባትም።»

«ከፍ አድርጌ የተውኳት እኔ ነኝ። አውቄ!»

«ምን አደረግሁሽ?» አለ።

«አላስወጣ አልከኝ! ሰውየው እንዲመልሰው ፈልጌ ነው። አሥራ ሁለቱ እንዲቀሩ። እንድትለቀኝ!»

ኮቴው ከበሩ ራቀ። ትቶኝ የሄደ መሰለኝ። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ በእጄ እንዳልጠርገው ቦታ የለም።

«ኬዚ» አለ፣ አሁን አፉን በሩ ላይ ለጥፎ። «አላያትም።»

«ምኑን?»

«ጥርሷን። ከገና ወዲህ ጭጋግ ነው የሚታየኝ። ያንን የላክሁትን ቁልፍ በጣቴ እየዳበስኩ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ዓይኑ ለጠፋ ጓጉንቸር ሠሪ ማን ሥራ ይሰጣል? ደግሞስ ምን ልበልሽ? እጄን ይዘሽ አዙሪኝ ልበልሽ?»

ትንፋሼ እያጠረ ነበር።

«ስማኝ» አልኩት። «የእኔን ሞረድ አንሳ፣ እጀታው በጨርቅ የተጠቀለለውን። ጥርሶቹን ከጫፍ እየዳበስክ ቁጠር። አራት የሞረድ ምት ሲቀራት ነው ያቆምኩት። አራት ብቻ! ሳትጫን። ከበዛ የተሞረደ ብረት አይመለስም።»

«አንድ» አለ። ሞረዱ ሲሄድ በብረቱ ውስጥ ሰማሁት። «ሁለት።» ቆመ። «በዛ መሰለኝ።»

«ገና ሁለት ይቀራታል፣ ቀጥል። ቀስ ብለህ።»

«ሦስት።» ከዚያ ብዙ ቆየ። «አራት።»

«አሁን መጀመሪያ ወደ ኋ...»

«እኔን ልታስተምሪኝ ነው?»

ቁልፉ ወደ ኋላ ዞረ። ሰላይዋ ተነሳች። ወደ ፊት ዞረ፤ ስድስቱ ምላሶች አንድ ላይ ሲነሱ ሰማሁ፣ በሩም ተከፈተ።

በእጅና በጉልበቴ ወጥቼ ወለሉ ላይ ተዘረጋሁ። አባቴ ቁልፉን እንደያዘ ቆሟል፤ ፊቱ በእንባ ርሷል። የሚያየው እኔን ሳይሆን ከእኔ ትንሽ ወደ ጎን ነበር። ስንት ወር ሙሉ እንደዚያ ሲያየኝ ልብ አላልኩም።

«ሂጂ» አለኝ። «ከነገ ወዲያ ቅዳሜ አይደል? የጠፋው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አልጠፋም። ያ ጀልባ ነጂ ሲያፏጭልሽ የማልሰማ መሰለሽ?»

የጓሮው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። እስከ ቦዩ አሥር ደቂቃ አያስኬድም።

ዓርብ ነጋዴው መጣ። ሁለቱም ቁልፎች እንደ ቅቤ ዞሩለትና አሥራ ሁለቱን አዘዘ። ቅዳሜ ጠዋት ከወደ ድልድዩ ፉጨት ሰማሁ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ የፈረስ ኮቴ። አባቴም ሰምቶታል፤ ቀና ብሎ ወደ እኔ አቅጣጫ ዞረ። እኔ ሞርሳው ላይ ተደፍቼ ከአሥራ ሁለቱ የመጀመሪያውን ቁልፍ እሞርድ ነበር። ወደ ጓሮው በር ቀና ብዬም አላየሁ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረ። ሥራውን የሚሠሩት የእኔ እጆች እንደሆኑ ደንበኞቹ ሳያውቁ ሞተ። የቀብሩ ዕለት ጓጉንቸር ሠሪዎቹ ቢራ ቤት ይዘውኝ ገቡና ከምድጃው አጠገብ ያለውን ቦታ ለቀቁልኝ። «የኢኖክ ነበር፣ አሁን ያንቺ ነው» አሉኝ። ክብር ነው፣ ለሴት ተደርጎ አያውቅም። ተቀመጥኩና ወደ ኋላ ደገፍ አልኩ።

ጉድጓዱ ልኬ ነበር።